«የካፒቴን ቤት ነው» ሲባል፦ አስቶሪያ ውስጥ አሮጌ ቤት ከመግዛት በፊት ምን ይጣራል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ነው። እኔና ባለቤቴ አስቶሪያ ከተማ ኮረብታው ላይ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ልንገዛ እያሰብን ነው። አሻሻጩ «በ1880ዎቹ የተሠራ፣ የእንፋሎት መርከብ ካፒቴን ቤተሰብ የኖረበት» ይላል፤ ዋጋውም ከጎረቤቶቹ ከፍ ያለ ነው። እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? እውነት ቢሆንስ የሚለውጠው ነገር አለ?

ምላሽ፦ አሻሻጩ በአንድ አፍ ሦስት ነገር ነው የነገራችሁ፤ የቤቱን ዕድሜ፣ የነዋሪዎቹን ማንነት፣ የሰውየውን ሙያ። ሦስቱ የሚጣሩት በሦስት የተለያዩ መዝገቦች ነው። መሬቱ የራሱ ሰነድ አለው፣ መርከቡም የራሱ። ሁለቱ በአንድ ሰው ስም፣ በአንድ ዓመት ካልተገናኙ «የካፒቴን ቤት» የሚለው ወሬ ነው፤ ለወሬ ደግሞ ተጨማሪ ዋጋ አይከፈልም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ «ካፒቴን» የሚለው ማዕረግ አስቶሪያ ውስጥ ለማን ለማን ይሰጥ እንደነበር ለይታችሁ እወቁ። ከተማዋ ያለችው የኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ በሚገባበት አፍ አጠገብ ነው። ወንዙ የሚገፋው አሸዋና የውቅያኖሱ ማዕበል የሚላተሙበት ቦታ «ባር» ይባላል፤ ከ1792 ወዲህ ወደ 2,000 የሚጠጉ መርከቦችና ጀልባዎች እዚያ አካባቢ እንደጠፉ ይነገራል። ስለዚህ ከባሕር የሚመጣውን መርከብ ባሩን የሚያሻግር ፓይለት ነበረ። ከአስቶሪያ እስከ ፖርትላንድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚመራ የወንዝ ፓይለት ሌላ ነው። የመንገደኛና የጭነት የእንፋሎት ጀልባ አዛዥ ሦስተኛው፣ ሸራ መርከቦችን የሚጎትት የጎታች ጀልባ አዛዥ ደግሞ አራተኛው ነው። አራቱም በመንገድ ላይ «ካፒቴን» ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ገቢያቸውና የሚሠሩት ቤት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የከተማዋ ታላቅ ቤት ባለቤት ጆርጅ ፍላቬል ሀብት ያፈራው የወንዝ መንገደኛ በማመላለስ አልነበረም። የባር ፓይለት ነበር፤ ቆይቶም ጎታች ጀልባዎችና መሬት ያዘ። በ1852 «ጄኔራል ዋረን» የተባለችው የእንፋሎት መርከብ አሸዋ ላይ ስትሰበር፣ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ እርዳታ ለማምጣት አስቶሪያ የደረሰው እሱ ነው፤ ሲመለስ መርከቧ ተሰባብራ አለቀች። ቤቱን የነደፈው በጀርመን የተወለደው አርክቴክት ካርል ላይክ ሲሆን፣ ግንባታው በ1880ዎቹ አጋማሽ ተከናወነ። ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ነው፣ ማማውም ወንዙን ያያል። ዛሬ የካውንቲው የታሪክ ማኅበር የሚያስተዳድረው ሙዚየም ስለሆነ፣ ሌላ ቤት ከማየታችሁ በፊት እሱን ጎብኙት፤ የዘመኑ የተሟላ ቤት ምን እንደሚመስል ዓይናችሁ ይለምዳል። ነገር ግን መለኪያ አታድርጉት። የአንድ ተራ የጀልባ አዛዥ ቤት ከፍላቬል ቤት ይልቅ የጎረቤቱን የነጋዴ ወይም የአናጢ ቤት ነው የሚመስለው፤ ከውጭ አይቶ «ይህ የካፒቴን ነው» ማለት አይቻልም። ማማም ማስረጃ አይሆንም። በዚያ ዘመን ፋሽን የነበረ ጌጥ ነው፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰውም ይሠራው ነበር።

ሙያው በቤተሰብ ይወርድ ነበር፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። በ1836 ከሚስዮናውያን ጋር ወደ ኦሪገን የመጣው የዊልያም ግሬይ አራት ወንዶች ልጆች ሁሉም የወንዝ ካፒቴኖች ሆነዋል። የፍላቬል ልጅ ጆርጅ ኮንራድም እንደ አባቱ «ካፒቴን ጆርጅ ፍላቬል» ተብሏል፣ የራሱም ቤት አለው። ሰነድ ላይ «ካፒቴን ግሬይ» የሚል ብቻ ብታገኙ ገና ምንም አላገኛችሁም። የመካከለኛውን ስም የመጀመሪያ ፊደልና የሚስቱን ስም ሳትይዙ ወደ ሚቀጥለው መዝገብ አትሂዱ።

አሁን ወደ መሬቱ ሰነድ። የመንገድ ቁጥሩን ተዉት፤ የአስቶሪያ መንገዶች ስማቸው ተቀይሯል፣ ቁጥሮቹም እንዲሁ። የምትፈልጉት ሕጋዊ መግለጫውን ነው፦ የቦታው ቁጥር፣ የብሎኩ ቁጥር፣ እና በማን ቅየሳ ውስጥ እንደሆነ። ከተማዋ በሁለት ተፎካካሪዎች፣ በጆን ሻይቭሊና በጆን ማክሉር፣ ለየብቻ የተቀየሰች ናት፤ ሁለቱ ቅየሳዎች ሲገናኙ መንገዶቹ እንኳ ቀጥ ብለው አይገጥሙም። በሻይቭሊ ውስጥ ያለ ብሎክ በማክሉር ውስጥ ካለው ተመሳሳይ ቁጥር ጋር ከተምታታ፣ የሌላ ሰው ቤት ታሪክ ስትጽፉ ትከርማላችሁ።

መግለጫውን ከካውንቲው የግብር ካርታ ወስዳችሁ የመሬት ውሎች ወደሚመዘገቡበት የክላትሶፕ ካውንቲ ክለርክ ቢሮ ሂዱ። ሁለት ማውጫ አለ፣ አንዱ በሻጭ ስም፣ አንዱ በገዢ ስም። ከዛሬው ባለቤት ጀምራችሁ በገዢ ማውጫ ፈልጉት፤ የሸጠለትን ሰው ታገኛላችሁ። ያንን ሰው ደግሞ በገዢ ማውጫ ፈልጉት፤ እንዲህ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። በየውሉ አምስት ነገር መዝግቡ፦ ቀን፣ የሻጭና የገዢ ሙሉ ስም፣ ዋጋ፣ የመዝገቡ ጥራዝና ገጽ። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ በሞት ነው፤ አባት ሲሞት ቤቱ በሽያጭ ውል ስለማያልፍ ማውጫው ላይ አይታይም። ያኔ ወደ ፍርድ ቤቱ የውርስ መዝገብ ትሄዳላችሁ። የውርስ መዝገብ ለእናንተ ወርቅ ነው። ሟቹ መርከብ ላይ ድርሻ ከነበረው ከቤቱና ከዕቃው ጋር ተዘርዝሮ ሊገኝ ይችላል፤ መሬቱንና መርከቡን በአንድ ገጽ የሚያገናኝ ሌላ ሰነድ ብዙ የለም።

ሁለተኛው መበጠሻ ሚስቶችን መዝለል ነው። የ1850ው የመሬት ስጦታ ሕግ ከዚያ ዓመት መጨረሻ በፊት ለሰፈሩ ነጠላ ሰዎች 320 ኤከር፣ ለተጋቡ 640 ኤከር ሲሰጥ፣ ግማሹን በሚስቲቱ በራሷ ስም ነበር የሚያስመዘግበው። የኦሪገን ሕገ መንግሥትም ያገባች ሴት የራሷ ንብረት ለባሏ ዕዳ እንዳይያዝ ይከላከል ነበር። መርከብ ላይ ገንዘቡን ያዋለ ሰው አንድ ቃጠሎ ወይም አንድ ክስ ሊያራቁተው ስለሚችል፣ ቤቱን በሚስት ስም ማድረግ አስተዋይነት ነበር። በባሏ ስም ብቻ የፈለገ ሰው «ካፒቴኑ ይህን ቤት ይዞ አያውቅም» ብሎ ይደመድማል፤ ቤቱ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሷ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ይኸው የ1850 ሕግ መሬቱን በመሠረቱ ለነጮች ብቻ እንደሰጠ፣ ከክላትሶፕና ከቺኑክ ሕዝቦች ጋር በ1851 የተደረጉት ውሎችም በሴኔቱ ሳይጸድቁ እንደቀሩ መታወቅ አለበት። የቤቱን ታሪክ ስትጽፉ የመጀመሪያው ገጽ ይህ ነው፤ ከካፒቴኑ አትጀምሩ።

ከዋጋ ዝርዝሩ ቤቱ መቼ እንደተሠራ መገመት ይቻላል፤ ባዶ ቦታ በትንሽ ተሸጦ ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙ እጥፍ ካወጣ በመካከል አንድ ነገር ተሠርቷል ማለት ነው። አስቶሪያ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከተማዋ ባቡር ይመጣል እየተባለ ለዓመታት ስትጠብቅ መሬት በተስፋ ብቻ ይወደድ ነበር፤ ከፖርትላንድ ጋር የሚያገናኘው ሐዲድ የደረሰው በ1898 ነው። የግብር መዝገቡ የመሬቱንና የሕንፃውን ግምት ለይቶ ከጻፈ ከሽያጭ ዋጋው ይልቅ እሱን እመኑ። የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ «የተሠራበት ዓመት» ተብሎ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ግምት ነው፤ በተለይ እንደ 1900 ያለ ክብ ቁጥር ከሆነ።

ቀጥሎ የሳንቦርን ካርታ። ለእሳት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የተሣለ፣ እያንዳንዱን ሕንፃ በቅርጹ የሚያሳይ ካርታ ነው፤ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ቢጫ እንጨት ነው፣ ሮዝ ሸክላ፣ ሰማያዊ ድንጋይ፣ ግራጫ ብረት። «ዲ» የምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል መኖሪያ ቤት ማለት ናት፣ ቁጥሩ የፎቁን ብዛት ይናገራል። የወጡትን እትሞች በሙሉ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የቤታችሁን ቅርጽ አነጻጽሩ፦ በረንዳው የት ጋ ነው፣ ወደ ውጭ የወጣው መስኮት በየትኛው ጎን ነው፣ ከኋላ የተቀጠለው ክፍል መቼ ብቅ አለ። ሁለት ወጥመድ አለ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙ ይጠፋል፤ ባለቀለሙን ቅጂ ፈልጉ። ቀደምት እትሞች ደግሞ ትኩረታቸው ወንዙ ዳር ያለው የንግድ ቦታ ስለነበር ኮረብታው ሳይካተት ሊቀር ይችላል፤ ቤቱ ካርታው ላይ አለመኖሩ አለመሠራቱን አያሳይም፣ ሰፈሩ ራሱ መኖሩን በመጀመሪያ እዩ። በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመው መሀል ከተማ በ1883 በከፊል ተቃጥሏል፣ በታኅሣሥ 1922 ደግሞ በእጅጉ ወድሟል። ታች ሜዳው ላይ «የ1880 ቤት» ቢሏችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ኮረብታው ላይ ግን የሚቻል ነገር ነው።

ቤት ከቦታ ቦታ ይዛወር እንደነበርም አትርሱ። የካፒቴን ሃይረም ብራውን ቤት በ1852 ከከተማዋ በላይ በኩል ተሠርቶ፣ በ1862 በወንዙ ላይ ተጭኖ ወርዶ ነው ዛሬ ባለበት የቆመው። እንዲህ ያለ ቤት ከቆመበት መሬት ሰነድ ጋር ዕድሜው አይገጥምም። ምድር ቤት ስትገቡ ከአሁኑ ምሰሶ ጋር የማይገናኙ የቆዩ የምሰሶ ማረፊያ ጉድጓዶች ወራጁ ላይ ካያችሁ፣ ወይም የጭስ ማውጫው ሸክላ ከቤቱ ይልቅ አዲስ ከሆነ፣ ቤቱ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን መርከቡ። የአሜሪካ የንግድ መርከቦች ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዳቸው መለያ ቁጥር አላቸው፤ ፍለጋችሁን በስም ሳይሆን በዚህ ቁጥር አድርጉ። ምክንያቱም ስም ይደጋገማል። ከፖርትላንድ አስቶሪያ የምትሮጠው ዝነኛዋ «ቴሌፎን» በ1885 ተሠራች፣ በ1887 አስቶሪያ አጠገብ ስትቃጠል ካፒቴን ስኮት በሙሉ ፍጥነት ወደ ዳርቻ ነድቷት ከአንድ ሰው በቀር መንገደኞቹ ተረፉ። በ1888 እንደገና ተሠራች፣ በ1903 ደግሞ ሌላ ጊዜ። «የቴሌፎን ካፒቴን» የሚል የቤተሰብ ትረካ የትኛዋን እንደሚል ካላወቃችሁ ዓመቱ በአሥራ አምስት ዓመት ሊዛባ ይችላል። አካል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገርም ነበር፤ የ1888ቷ «ቲ. ጄ. ፖተር» የላይኛው ክፍሏ የመጣው ከ«ዋይድ ዌስት» ነው። «ቤቱ በመርከብ እንጨት ነው የተሠራው» የሚለውን ወሬ ግን ያለ ማስረጃ አትቀበሉት። ዳግላስ ፈር በየመጋዝ ቤቱ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር የመርከብ ጣውላ ነቅሎ ቤት ለመሥራት ምክንያት አልነበረም።

በመለያ ቁጥሩ የምትፈልጉት በጉምሩክ ወረዳው የተሰጠውን የምዝገባ ወረቀት ነው። መርከቧ የት እንደተሠራች፣ ባለቤቶቿ እነማን እንደሆኑ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ የየአንዳንዳቸው ድርሻ፣ አዛዡ ማን እንደነበረ ይናገራል። ባለቤትና አዛዥ አንድ ሰው መሆናቸውን ወይም አለመሆናቸውን የምታውቁት እዚህ ነው። የፓይለቶችና የመካኒኮች ፈቃድ ደግሞ ከ1852ቱ ሕግ ጀምሮ፣ የአዛዦቹ ከ1871ዱ ሕግ ጀምሮ በፌዴራል የእንፋሎት መርከብ ተቆጣጣሪዎች በኩል ይሰጥ ነበር። ለሁለቱም ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሲያትል ቅርንጫፍ ጻፉ፤ የመርከቧን ስም፣ መለያ ቁጥርና የዓመት ክልል ካልጻፋችሁ መልስ ለማግኘት ይከብዳል። አስቶሪያ ያለው የኮሎምቢያ ወንዝ የባሕር ሙዚየምም መጠየቅ ያለበት ነው።

ሁለቱ ሰንሰለቶች የሚገናኙት በከተማው የነዋሪዎች ማውጫ ላይ ነው። ማውጫው ስም፣ ሥራና መኖሪያ በአንድ መስመር ያስቀምጣል፣ አንዳንዴም የመርከቧን ስም ጭምር። አህጽሮቶቹን በጥንቃቄ አንብቡ፦ «ቢ ዲ ኤስ» የሚል ካለ ሰውየው በኪራይ ክፍል ያደረ ደባል ነው፤ «የካፒቴን ቤተሰብ ቤት» የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ ካፒቴን አልጋ የተከራየበት ቤት ሆኖ ይገኛል። «ደብልዩ አይ ዲ» ካለ ሴትየዋ ባሏ ሞቶባታል፣ የሟቹም ስም ተያይዞ ይጻፋል። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች መቀመጫቸው ፖርትላንድ ስለነበር የፖርትላንዱንም ማውጫ እዩ። ሰውየው እዚያ ቤት ኖሮት አስቶሪያ የሚያድርበት ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሕዝብ ቆጠራው በትክክል በምትፈልጉት ቦታ ይጎድላል። የ1890ው በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፣ ስለዚህ ከ1880 በቀጥታ ወደ 1900 ትዘላላችሁ። የ1900ው ግን ይክሳል፦ ቤቱ የራስ ነው ወይስ ኪራይ፣ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም፣ እናቲቱ ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱ በሕይወት አለ ይላል። መካከሉን በጋዜጣ ሙሉት። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ጋዜጦችን በነፃ አስቀምጧል፤ አድራሻ ብትፈልጉ አይወጣም፣ የቤተሰቡን ስምና «መኖሪያ» ወይም «አዲስ ቤት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምሩ።

ሰነዱ ከተባለው ዓመት ጋር ከተስማማ ቤቱን ራሱን ጠይቁት፤ ያልታደሰው ክፍል ጣሪያ ሥርና ምድር ቤት ነው። ከ1890 ገደማ በፊት የተለመደው ሚስማር አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ የሚሾል ነው፤ ክብ የሽቦ ሚስማር ብቻ ካገኛችሁ «1880ዎቹ» ያጠራጥራል። ሚስማሩን ግን ከዋናው ማገር ላይ እዩ፣ በኋላ ከተጨመረ ጣውላ ላይ አይደለም። የዘመኑ ጣውላ ሙሉ ልክ አለው፤ «ሁለት በአራት» የሚባለው በእርግጥ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የዛሬው 3.8 በ8.9 ነው። ቋሚዎቹ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሳይቆረጡ ከወጡ የዘመኑ አሠራር ነው፤ ይህ ግን በግድግዳው ውስጥ እሳት ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚወጣበት ክፍት ቦይ ስለሚተው፣ በየፎቁ መዝጊያ እንጨት መግባቱን አረጋግጡ። የሸክላ መያዣ ያለው የድሮ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሥራ ላይ ካለ ኢንሹራንስ ሰጪዎች ብዙ ጊዜ አይቀበሉትም፤ ከውል በፊት ጠይቁ።

አስቶሪያ በዓመት 1,700 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንብባታል፣ ኮረብታውም የሚንሸራተት ነው። ከካፒቴኑ ታሪክ በፊት ገንዘባችሁን የሚበላው ይህ ነው። አሸንዳው ውኃውን ከመሠረቱ አርቆ ይጥላል? የምሰሶዎቹ እግር በቢላዋ ሲወጋ ይገባል? በሩ ራሱን እየከፈተ የሚሄድበት አቅጣጫ ከቁልቁለቱ ጋር አንድ ነው? የኦሪገን የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት የመሬት መንሸራተት ካርታን አይታችሁ ቦታው ካለበት፣ የአፈር መሐንዲስ ሳታስገቡ አትፈርሙ። በሮቹ የተቀቡ ሆነው የማሆጋኒ ገጽ ካላቸው ቀለሙን አትፋቁት፤ ተራ ፈርን ውድ እንጨት ማስመሰል የዘመኑ ሙያ ነበር፣ የፍላቬል ቤት በሮችም እንዲሁ ናቸው። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ስለሆነ ቀለሙ እርሳስ አለበት ብላችሁ ተነሡ፤ ደረቅ መፈግፈግ ለልጆች መርዝ ነው።

እውነት ከሆነ የሚለውጠው ምንድን ነው? በፌዴራል ሕግ በብሔራዊው የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ መስፈር ብቻውን የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ባለቤትን አያስገድድም። የሚያስገድደው የከተማው የቅርስ ደንብ ነው፤ ቤቱ በዚያ ሥር ከወደቀ መስኮት መቀየር እንኳ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። የፌዴራሉ 20 በመቶ የግብር ቅናሽ ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ እንጂ ለምትኖሩበት ቤት አይሆንም። ስለዚህ «የካፒቴን ቤት» መሆኑ በራሱ ገንዘብ አያስገባላችሁም።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱበት። ቤቱ በሻይቭሊ–ማክሉር ታሪካዊ ሰፈር ክልል ውስጥ ከሆነ፣ የሰፈሩ የምዝገባ ሰነድ በየቤቱ ስለሚዘረዝር ከሁሉ በፊት እሱን ከኦሪገን የቅርስ ጥበቃ ቢሮ ጠይቁ፤ ምናልባት ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። ከዚያ የሳንቦርን ካርታና ማውጫው፣ ከዚያ የክለርክ ቢሮው፣ በመጨረሻ የሲያትሉ ቤተ መዛግብት። ሕጉ ስለ እርሳስ ቀለም ምርመራ ለገዢ 10 ቀን ይሰጣል፤ የካርታውና የማውጫው ሥራ በዚያ ጊዜ ያልቃል። አሻሻጩንም ዛሬውኑ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ላኩለት፦ የካፒቴኑ ሙሉ ስም፣ የመርከቧ ስም፣ በዚያ ቤት የኖረባቸው ዓመታት። ሦስቱን መጻፍ ካልቻለ የጎረቤቶቹን ዋጋ አቅርቡ።